የት፣ መቼ፣ ማን ቀረጸው፦ የመምህርት አባይነሽ ኢታና የሕይወት ታሪክ (1953–2018 ዓ.ም.)

መምህርት አባይነሽ ኢታና ከአባታቸው ከአቶ ኢታና ቶሌሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደምሴ፣ በቀድሞው የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት በመቻራ ግንቦት 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በቡና ማሰባሰቢያ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር። እናታቸው በገበያ ቀን ጨውና ላምባ ይሸጡ ነበር። በቤታቸው አባት በአፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ እናት በአማርኛ ይመልሳሉ። ሕፃኗ አባይነሽም መሐላቸው ቁጭ ብለው የአንዱን ቃል ለሌላው ሲያስተረጉሙ ያድጉ ነበር። ወላጆቻቸው እርስ በርስ በደንብ እንደሚግባቡና ትርጉሙን እንዳልጠየቁ የተረዱት ከፍ ካሉ በኋላ መሆኑን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመቻራ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በያኔው አጠራር በአሰበ ተፈሪ ተከታተሉ። ከመቻራ አሰበ ተፈሪ የሚወስዳቸው የቡና ጭነት መኪና ነበር። በክረምቱ ዝናብ መንገዱ ስለሚበላሽ የትምህርት ዘመኑን የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ጭቃ የያዘውን መኪና ሲገፉ ያሳልፉ እንደነበር አብረዋቸው የተማሩ ይመሰክራሉ። ከዚያም ሐረር ወርደው በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ትምህርታቸውን በማጠናቀቅ በ1972 ዓ.ም. ተመረቁ።

በ1973 ዓ.ም. የመጀመሪያ ምድባቸው ቦኬ ሆነ። አንድ ቀን ስለ ውቅያኖስ ሲያስተምሩ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ባሕር የሚሉት ነገር ከኛ ኩሬ በምን ያህል ይበልጣል ሲል ጠየቃቸው። መምህርት አባይነሽ መጽሐፉን ገልጠው ቢያዩ ሥዕል የለውም። እኔም ባሕር አይቼ አላውቅም ብለው እውነቱን ነገሩት። ልጁ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ ታዲያ ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው አይቷል ወይ አላቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያንን ጥያቄ ዕድሜያቸውን በሙሉ ይዘውት ኖሩ፤ መጨረሻ ላይም የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የዚያ ልጅ ጥያቄ መልስ ሆነ።

በ1976 ዓ.ም. ሬዲዮ ጠጋኝ ከነበሩት ከአቶ ነቢዩ እንዳሻው ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ከትዳራቸውም ልጃቸውን ዳግማዊን በ1978፣ ልጃቸውን ትዕምርትን በ1984 ዓ.ም. አፈሩ። አቶ ነቢዩ ስለ ትዳራቸው ሲጠየቁ፣ እኔ የተበላሸ ድምፅ እጠግናለሁ፣ እሷ የተዘጋ መጽሐፍ ትከፍታለች፤ በቤታችን ደኅና ሆኖ ያደረ ዕቃ የለም ይሉ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. መምህርት አባይነሽ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ አሁኗ ጭሮ ተዛውረው፣ በከተማው ከሚገኙት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ማስተማር ጀመሩ። እስከ ጡረታቸውም፣ ከዚያም በኋላ እስከ ሕመማቸው ድረስ ከዚያ ግቢ አልወጡም።

ያ ትምህርት ቤት በአንድ ወቅት በርዳታ የመጡ የልጆች መጻሕፍት ደርሰውት ነበር። ተረት አይደሉም፤ ስለ ንብ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ጨረቃ የሚያስተምሩ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለነበሩ ማንም ልጅ አያነባቸውም፤ በካርቶን እንደታሸጉ ዕቃ ቤት ተቀምጠው አይጥ ጀምሯቸው ነበር። መምህርት አባይነሽ ካርቶኖቹን አስወጥተው አንዲት ባዶ ክፍል ለምነው የንባብ ክፍል አደረጓት። ከዚያም በየገጹ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ መለሱት። በጠባብ ወረቀት እየጻፉ፣ በዱቄት ሙጫ ከእንግሊዝኛው ሥር ይለጥፉት ነበር። የእጅ ጽሑፋቸው ክብና ግልጽ በመሆኑ ገና ፊደል የለየ ልጅ እንኳ ያነበዋል። በዚያች ክፍል ያደገ የጭሮ ልጅ የዱቄቱን ሽታ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

በ2006 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ለበዓል ሲመጣ በስልኩ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳያቸው። ዓሣ ነባሪ ከባሕር ወጥቶ ተመልሶ ሲወድቅ የሚያሳይ ነው። መምህርት አባይነሽ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ለበሱ፤ ዘበኛውን አስከፍተው ከንባብ ክፍሉ ስለ ባሕር እንስሳት የሚናገረውን መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ። መጽሐፉን የዓሣ ነባሪው ገጽ ላይ ከፈቱት፤ ስልኩንም ከጎኑ አስደግፈው ገጹን እያነበቡ ምስሉን ደጋግመው አዩት። የበዓሉ ምግብ በረደ። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ «ይኸውላችሁ፣ የቦኬው ልጅ መልሱን አገኘ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ከኢንተርኔት ጓደኛ መፈለግ ሥራቸው ሆነ። ስለ ንብ የሚናገረው መጽሐፍ ቀፎ ውስጥ የተቀረጸ ምስል ተገኘለት፤ የአጥንቱ መጽሐፍ ደግሞ ሰው ሲራመድ አጥንቱን የሚያሳይ ሥዕል። ጥንዶቹን «መንታ» ይሏቸው ነበር። በመጽሐፉ ጀርባ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ያንኑ ቁጥር ለምስሉ ይሰጡታል። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ስላልነበረው ምስሉን የምታወርደው ድሬዳዋ የምትሠራው ልጃቸው ትዕምርት ነበረች። ምስሉን የጫነችበትን ፍላሽ በወረቀት ጠቅልላ በሚኒባስ ትልከዋለች። ባለ ሚኒባሱ ጂብሪል ሂርና ላይ ጫት ሊያራግፍ ሲቆም እንኳ ፍላሹን ከደረት ኪሱ አያወጣውም ነበር። ጭሮ ሲደርስም፣ ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ዝሆን ነው ያመጣሁት ወይስ ጨረቃ እያለ ያስረክባቸው ነበር። አቶ ነቢዩም ለትምህርት ቤቱ የተሰጠውን አሮጌ ፕሮጀክተር ጠግነው፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ እንዲሠራ አደረጉት።

የማስተማሪያ መንገዳቸው ይህ ነበር። መጀመሪያ መጽሐፉ ይነበባል። መጽሐፉ ሳይነበብ ምስሉ አይከፈትም፤ በዚህ ላይ ድርድር አያውቁም። ቀጥሎ ምስሉ ይከፈታል፤ ድምፁ ግን ይዘጋል። በእንግሊዝኛ የሚናገረውን ልጆቹ አይሰሙትማ። በሱ ፋንታ አንድ ልጅ በአማርኛ፣ አንድ ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ በመጽሐፉ ላይ የተለጠፈውን ከምስሉ ጋር እያስማማ ያነባል። ክፍሉ ሲጀመር «ዛሬ ድምፁ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የዚያን ጊዜ የሚወጣው እጅ ብዛት፣ የሚገፋፋው ልጅ ብዛት ይገርም ነበር። ድምፅ የሆነ ልጅ ያን ቀን እቤቱ ሲገባ አንገቱ ይረዝማል ይባላል።

መምህርት አባይነሽ በ2013 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ርእሰ መምህሩ አቶ ተስፋዓለም የንባብ ክፍሉን ቁልፍ እንዲመልሱ አልጠየቋቸውም፤ እሳቸውም አልመለሱም። ያለ ደመወዝ በየቀኑ ይመጡ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቤተሰቡ በዚህ ወረቀት እንዳይጻፍ ቢመክርም፣ እሳቸው በመጨረሻ ሕመማቸው እንዲጻፍ አጥብቀው አዝዘዋል። ስለዚህ ተጽፏል።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ መደጋገሙን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጭሮም አልፎ አልፎ ንዝረቱ ይሰማን ነበር። ልጆች ጠረጴዛ ሥር እየገቡ መጫወትም መፍራትም ጀመሩ። መምህርት አባይነሽ ፍርሃትን የሚያስወግደው ማወቅ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ በጥር ወር አንድ ጠዋት ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ እሳተ ገሞራ የሚናገረውን መጽሐፍ አወጡ። በመጀመሪያ ስለ አዋሽና ስለ ፈንታሌ ተራራ ከልጆቹ ጋር ተነጋገሩ። መጽሐፉ ተነበበ። ቀጥሎ መንታው ተከፈተ፤ እንደ ወትሮው ድምፁ ተዘግቶ። ተራራ ሲከፈት፣ እሳት እንደ ወንዝ ሲወርድ ታየ። በአማርኛ ድምፅ የሆነችው የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ ሚካል ደረጀ ነበረች፤ አነባበቧ የታወቀ፣ ሳትደናቀፍ የምትወርድ ልጅ።

ምስሉ የተቀረጸው አይስላንድ በምትባል ሩቅ የደሴት አገር፣ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ይህንንም የፊልሙ ተናጋሪ ገና ሲጀምር ይናገራል። ግን ድምፁ ተዘግቷል። በተለጠፈው ወረቀት ላይም ያለው የመጽሐፉ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ምስሉ የት እንደተቀረጸ አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ሚካል እቤቷ ገብታ ለአያቷ ለወይዘሮ የሺሐረግ፣ እማማ፣ ዛሬ ተራራው እሳት ሲተፋ አየሁ አለቻቸው። የቱ ተራራ ብለው ጠየቋት። ጠዋት የተወራው ስለ ፈንታሌ ነበርና ፈንታሌ አለች። ወይዘሮ የሺሐረግ ልጅቷ እንደማትዋሽ ያውቃሉ። ለጎረቤት ነገሩ። ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። ከትምህርት ቤት ነው የተሰማው፣ በዓይን የታየ ነው ተባለ። በዚያው ምሽት በሰፈሩ አንዳንድ ቤተሰቦች ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ ሂርና ለመሸሽ ወጡ። ወይዘሮ የሺሐረግ በጥድፊያ ሚኒባስ ላይ ሲወጡ ከመወጣጫው ተንሸራተው ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ።

በማግስቱ ወላጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ተስፋዓለም የንባብ ክፍሉን ቆለፉ፤ ቁልፉንም ከመምህርት አባይነሽ ተቀበሉ። ልጆቹ ሚካልን «ፈንታሌ» ብለው መጥራት ጀመሩ። በመንገድ ስታልፍ፣ ፈንታሌ፣ ዛሬስ ፈነዳሽ ወይ ይሏት ነበር። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ማንበብ አቆመች። ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። መምህርት አባይነሽን በሕይወታቸው እንደዚያ ያስጨነቃቸው ነገር እንዳልነበረ ቤተሰቡ ያውቃል። ክፍሉ ከነመጻሕፍቱ ቢዘጋ ቢዘጋ ነው፤ ያየችውን ተናግራ ውሸታም የተባለች ልጅ ግን ከእንግዲህ ታይቶ የሚነገር ነገር አለ ብላ አታምንም ይሉ ነበር።

የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ብዙ ነገር ተባለ። አንዱ፣ መጻሕፍቱ ይቅሩ፣ ልጆቻችንን ሲኒማ የሚያሳይ ማሽን ግን ይውጣ አለ። ሌላው፣ የለም፣ መጻሕፍቱም የፈረንጅ ናቸው አለ። አንዲት እናት ጥፋቱ የልጅቷ ነው፣ ልጅ ያላየችውን አየሁ ካለች መቀጣት አለባት አሉ።

መምህርት አባይነሽ በጡረታ ላይ ስለነበሩ የመናገር ወረፋ አልነበራቸውም። ቢሆንም ተነሡ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። «ልጅቷ አልዋሸችም» አሉ። «ያየችውን ነው የተናገረችው። የት እንደሆነ ያልነገርኳት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው ይናገር ነበር፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያም አቶ ተስፋዓለምን ፈቃድ ጠይቀው፣ አቶ ነቢዩ ፕሮጀክተሩን ሲያመጡላቸው ያንን ምስል እዚያው በወላጆች ፊት ከፈቱት፤ ድምፁንም ከፈቱት። ተናጋሪው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲናገር ያቆሙታል፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይተረጉሙታል፤ ይቀጥላሉ። በሚዛን ሠራተኛው አባታቸውና በጨው ነጋዴዋ እናታቸው መካከል ቁጭ ብለው ያስተረጉሙ እንደነበረው። የአገሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ሲነገር ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ የእፎይታ ነበር።

አቶ ተስፋዓለም ግን ቁልፉን ያን ቀን አልመለሱም። እያንዳንዱ ምስል ከየት እንደመጣ ተጣርቶ ሳይጻፍ ክፍሉ አይከፈትም አሉ። መምህርት አባይነሽ ውሳኔው ትክክል ነው አሉ። ቅር እያላቸው የተናገሩ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ግን ከልባቸው ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ያሳለፉት መንታዎቹን አንድ በአንድ በመመርመር ነው። ትዕምርት ከድሬዳዋ እየፈለገች ትጽፍላቸዋለች፤ እሳቸው በመጽሐፉ ጀርባ አዲስ ወረቀት ይለጥፋሉ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ጥያቄ አለ፦ የት? መቼ? ማን ቀረጸው? በአፋን ኦሮሞም ከጎኑ፦ ኤሳ? ዮም? ኤኙ? ሦስቱም መልስ ካገኙ መንታዎቹ አብረው ይቆያሉ። መልስ ያልተገኘለት ምስል ይወጣል፤ መጽሐፉ ብቻውን ይቀመጣል።

ዓሣ ነባሪው መልስ አላገኘም። ያ ከሁሉ በፊት የመጣው፣ በበዓል ቀን በዳግማዊ ስልክ የታየው፣ ልጆቹም እሳቸውም ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ምስል ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረ ነበርና ማን እንደቀረጸው፣ የትኛው ባሕር እንደሆነ ሊታወቅ አልቻለም። ትዕምርት፣ እማዬ፣ ይህኛው ምን ይጎዳል፣ ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነባሪ ነው ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የአንዱን ስናጣራ የሌላውን ስለምንወደው ብቻ ካለፍነው ሚካልን ምን እላታለሁ አሏት። በመጽሐፉም ጀርባ «መንታው አልተገኘም» ብለው ለጠፉበት። መጽሐፉ ዛሬም እንደዚያ ነው ያለው።

በእነዚያ ወራት ከሰዓት በኋላ ወደ ወይዘሮ የሺሐረግ ቤት ይሄዱ ነበር። ክንዳቸውን ደግፈው ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ያለማምዷቸው ነበር። ወይዘሮ የሺሐረግ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላምታም አልሰጧቸውም። አንድ ቀን ግን መምህርት አባይነሽ ገና በር ላይ ሳሉ፣ «ምነው አባይነሽ፣ ፈንታሌ ደኅና አደረ?» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ደኅና ነው እማማ፣ ስለ እግርዎ ጠይቋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰላምታ ይኸው ሆነ። ወይዘሮ የሺሐረግ ዛሬ በምርኩዝ ቆመው ከመካከላችን አሉ።

ሚካል ግን ዝምታዋን አልተወችም ነበር። መምህርት አባይነሽ አያቷን ለማየት ሲመጡ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሳቸው አላስገደዷትም። መርምረው የጨረሱትን መጽሐፍ እያመጡ ከወይዘሮ የሺሐረግ ራስጌ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሲመለሱ መጽሐፉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ሌላ ቦታ ያገኙታል።

የንባብ ክፍሉ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። አቶ ተስፋዓለም ቁልፉን በሁለት እጃቸው መለሱላቸው። በዚያ ቀን የተመረጠው ስለ ንብ የሚናገረው መጽሐፍ ነበር። መምህርት አባይነሽ «ዛሬ ድምፁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ብዙ እጅ ወጣ፤ የሚካል እጅ ግን አልወጣም። ሌላ ልጅ ተመረጠ። ልጁ ማንበብ ሊጀምር ሲል ግን ከኋላ፣ «ቆይ፣ የት እንደሆነ መጀመሪያ ይነገራ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚካል ነበረች። ክፍሉ ወደ እሷ ዞረ። ያን ጊዜ ፈንታሌ ያላት አልነበረም። መምህርት አባይነሽ መጽሐፉን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩዋት። ልጅቷ መጥታ ሦስቱን መልሶች አነበበች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ክፍል ማንኛውም ምስል ከመከፈቱ በፊት ሦስቱ ጥያቄዎች በልጅ ድምፅ ይነበባሉ። አሁን ጥያቄው ከክፍሉ ወጥቶ ከተማ ገብቷል። በስልክ አንድ አስደንጋጭ ነገር ሲላክ፣ የት? መቼ? ማን ቀረጸው? ብለው ወላጆቻቸውን የሚያስጨንቁ ልጆች በየቤታችን አሉ።

መምህርት አባይነሽ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ከሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመሙ ኩላሊታቸውንና ዓይናቸውን እየጎዳ ሄደ። በጭሮና በሐረር በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ከመስከረም በኋላ ማንበብ አቃታቸው፤ ቀጥሎም ከግቢ መውጣት አልቻሉም። ይህን ጊዜ ሚካል ከትምህርት ቤት መልስ መምጣት ጀመረች። መጽሐፉን ታነብላቸዋለች፤ ምስሉን ልታስታምማቸው በመጣችው በትዕምርት ስልክ ከፍታም የምታየውን ትነግራቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አልፎ አልፎም፣ ሦስቱን ረሳሻቸው እያሉ ያርሟት ነበር። አልረሳሁም ቲቸር፣ ልናገር ስል ነው የቀደሙኝ ትላቸው ነበር። ዓይናቸው በደከመበት በዚያ ሰሞን፣ ለዓመታት ድምፅ እንዲሆኑላቸው የመረጧቸው ልጆች ተራቸውን ዓይን ሆነውላቸዋል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ቤተሰቡ ለዚህ ወረቀት የሚሆን ፎቶግራፍ ይፈልግ ነበር። በወጣትነታቸው የተነሡት፣ በምረቃቸው ቀን የተነሡት ቀረበ። መምህርት አባይነሽ ሁሉንም አልተቀበሉም። ሚካል በጥቅምት ወር አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ሳሉ ያነሣቻቸውን መረጡ፤ ፊታቸው የከሳበት፣ ነጠላቸው ያዘነበለበት ነው። ትዕምርት በሌላ እንዲተካ ስትለምናቸው፣ እሳቸው ሚካልን አስጠርተው እንዲህ አሏት፦ «ከሥሩ ጻፊበት። የት እንደሆነ ሳይጻፍ ሰው እንዳያየኝ።»

መምህርት አባይነሽ ኢታና በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በጭሮ በመኖሪያ ቤታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ነቢዩ እንዳሻውን፣ ልጆቻቸውን ዳግማዊንና ትዕምርትን፣ የልጅ ልጃቸውን ዮዲን፣ በመቻራ የሚኖሩትን እኅትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ከቦኬ እስከ ጭሮ ያስተማሯቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ሳይሰለቹ የጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከመቻራ፣ ከቦኬ፣ ከሂርና መንገድ ሳይበግራችሁ መጥታችሁ በሐዘናችን የተካፈላችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል፤ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

መምህርት አባይነሽ መጽሐፉ ሳይነበብ ምስሉ አይከፈትም ይሉ ነበር። መጽሐፉን ዕድሜያቸውን በሙሉ አንብበዋል። እንግዲህ ልዑል እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ደምሮ፣ አንብበው ያመኑትን አገር በዓይናቸው ያሳያቸው። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።

በእሳቸው ፈቃድ፣ በሽፋኑ ላይ ካለው ፎቶግራፍ ሥር የተጻፈውን ተማሪያቸው ሚካል ደረጀ ወደ ፊት መጥታ በድምፅዋ ታነብልናለች።

የት? ጭሮ፣ ከቤታቸው አጥር ሥር።
መቼ? ጥቅምት 2018 ዓ.ም.፣ ከትምህርት ቤት መልስ።
ማን አነሣቸው? እኔ፣ ሚካል።